ወደ ታጁራ ሁላችንም እኩል እንሳፈር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የጀመዓችን የጉዞ ኮሚቴ ለዘንድሮ ያቀረበው ሐሳብ ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ ዋና መነጋገሪያ ሆኗል። ሐሳቡ አጭር ነው። በባቡር ጅቡቲ መግባት፣ ከጅቡቲ ወደብ ሰውና መኪና በምታሻግረው ፌሪ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጦ ወደ ጥንታዊቷ የታጁራ ከተማ መሻገር፣ እዚያ ሁለት ሌሊት አድሮ መመለስ። እስከ ዛሬ ጀመዓችን በአውቶቡስ እንጂ በሌላ ተጉዞ አያውቅም። አብዛኞቻችንም ባሕርን በስልክ መስታወት እንጂ በዓይናችን አላየንም።

ይህን የምንጽፈው ከጊምቢቹ ከተማና በዙሪያዋ ካሉ የሶሮ ቀበሌዎች ወደዚህ ግቢ የተመደብን ተማሪዎች ነን። ጉዞውን እንደግፋለን። የኮሚቴውን ልፋትም እናውቃለን፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን ከዕቅዱ ጋር አብሮ የቀረበ አንድ ሐሳብ አለ። «ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ የሚመዘገቡ ተጓዦች የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ ያምጡ፣ ወይም ገንዘብ በዋስትና ያስይዙ» የሚል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጅቡቲ ከገባን በኋላ እንዳንጠፋ ነው። ይህ ሐሳብ በሹራ ከመጽደቁ በፊት የእኛም ቃል እንዲሰማ እንፈልጋለን። በቁጣ አንጽፍም። ጉዞው እንዲሳካ ስለምንፈልግ ነው የምንጽፈው።

በመጀመሪያ፣ ታጁራ ለምን? አንዳንድ ወንድሞች «ታሪክ ለማየት ሐረር አይበቃም ወይ?» ይላሉ። ሐረርን የሚተካ የለም። ታጁራ ግን ሌላ ነገር ታስተምራለች። ከተማዋ በዐፋር ጠረፍ ካሉት ጥንታውያን ከተሞች አንዷ ናት። በነጫጭ ቤቶቿና በሰባት መስጊዶቿ ትታወቃለች። ሱልጣኗ «ደርደር» በሚል ማዕረግ ይጠራል። ፈረንሳዮች በ1884 እ.ኤ.አ. ጥበቃቸው ሥር ከማስገባታቸው ብዙ ዘመን አስቀድሞ ከሸዋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ግመሎቹን የሚያራግፈው እዚያ ነበር። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ከታጁራ ተነሥቶ ነው በረሃውን አቋርጦ አንኮበር የደረሰው።

የእኛ አገር ሰውስ ከባሕሩ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ አገናኝቶታል። በ14ኛው መቶ ዘመን የኖረው የደማስቆ ተወላጁ ጸሐፊ አል-ዑመሪ የሐበሻን ሙስሊም መንግሥታት ሲዘረዝር ሰባት ይላል፤ ከሰባቱ አንዷ ሐዲያ ናት። በግብጽና በሻም ያሉ ሰዎች እነዚህን አገሮች ሁሉ በአንድ ስም «የዘይላዕ አገር» ይሏቸው እንደነበር ጽፏል። ልብ በሉ፤ መሬቷ ከባሕር ይህን ያህል የራቀችው ሐዲያ በውጭው ዓለም የምትታወቀው በወደብ ስም ነበር። ዕቃው፣ መጽሐፉ፣ ዓሊሙ የሚመጣው በጠረፉ በኩል ስለሆነ ነው።

ዕውቀት ፈላጊውም የሚወጣው በዚያው በኩል ነበር። በካይሮው አል-አዝሀር ከአገራችንና ከጠረፉ የሚሄዱ ተማሪዎች የሚያርፉበት «የጀበርት ረዋቅ» የሚባል የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። የግብጽን ታሪክ የጻፈው ዝነኛው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ከዚያው ወገን ነው፤ አባቶቹም ረዋቁን በአለቅነት መርተዋል። ዛሬ እኛ በዶርም አልጋ እንደምንጣበበው ሁሉ፣ በዚያ ዘመንም ከተራራችን የወረደ ደረሳ ባሕር ተሻግሮ ማደሪያ ይጠብቅ ነበር።

ታሪኩ ግን ሁሉም የሚያኮራ አይደለም። በዚያው በታጁራ መንገድ ከጉራጌና ከሌሎች የደቡብ አገሮች የተያዙ ልጆች በባርነት ተነድተው ወደ ዐረብ አገር ተሻግረዋል። ሙስሊም ነጋዴዎችም በዚህ ንግድ ውስጥ ነበሩ። አል-ዑመሪም ከሌላ ቦታ የተማረኩ ባሪያዎች በሐዲያ በኩል ያልፉ እንደነበር ይነግረናል። ስለዚህ ታጁራ ስንደርስ ነጩን ቤት ፎቶ አንሥተን ብቻ እንዳንመለስ። በዚያ ዳርቻ ቆሞ ባሕሩን በፈቃዱ የተሻገረ ደረሳ አለ፤ ያለ ፈቃዱ የተሻገረም ልጅ አለ። ሁለቱም የእኛ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ዋስ ይጥሩ የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ከክፋት አልመጣም። ከፍርሃት ነው የመጣው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። የሆሳዕናና የአካባቢው ስም ከደቡብ አፍሪካ ስደት ጋር ተያይዞ የማይነሣበት ጊዜ የለም። በ2004 ዓ.ም. ሰኔ ወር በማላዊ ሐይቅ ላይ ጀልባ ሰጥሞ ከ40 በላይ ኢትዮጵያውያን አለቁ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በሞዛምቢክ ቴቴ ክፍለ ሀገር በታሸገ የጭነት ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ የአገራችን ልጆች ናቸው ተባለ። እንዲህ ዓይነት ዜና በመጣ ቁጥር በእኛ ሰፈር ስልክ የማይደወልበት ቤት የለም።

ጅቡቲም ብትሆን የራሷ ሐዘን አላት። ከታጁራ በስተ ምሥራቅ በዚያው ጠረፍ ኦቦክ የምትባል ከተማ አለች። ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን በሌሊት የሚጫኑት በዚያ አካባቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻና ሚያዝያ ላይ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ከየመን የሚመለሱ ስደተኞችን የጫኑ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ሰጥመው ከ50 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ሕፃናትም ነበሩባቸው። እኛ በቲኬት፣ በቀን፣ ወንበር ይዘን የምንሻገረው ባሕር ይኸው ባሕር ነው።

በአጋማሽ ዓመቱ ዕረፍት ጊምቢቹ ሄደን ስለ ጉዞው ለቤተሰቦቻችን ስንነግራቸው የገጠመን መልስም ይህንኑ ያሳያል። እኛ «ጉብኝት» እንላለን፤ እነሱ የሚሰሙት «ጅቡቲ» እና «ጀልባ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነው። አንዲት እናት ልጃቸውን «ደላላው ማነው?» ብለው ጠየቁት። ሌላ አባት ደግሞ ስለ መሄጃው አንድም ነገር ሳይጠይቁ «መመለሻው ተከፍሏል ወይ?» አሉ። ዕቅዳችን ሊመልሰው የሚገባው ትልቁ ጥያቄ ይህ የአባት ጥያቄ ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ ፍርሃቱን አናናንቅም። አንድ ሰው ቢቀር የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። ኮሚቴው ይጠየቃል፤ ለሚቀጥሉት ዓመታት ጀመዓው ጉዞ የሚባል ነገር ላይፈቀድለት ይችላል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ዋስትናው ከአንድ አካባቢ ልጆች ብቻ መጠየቁ ፍርሃቱን ያስቀራል ወይ? በሦስት ምክንያት አያስቀርም እንላለን።

አንደኛው ምክንያት መንገዱ ራሱ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ የሚነሣው ስደት በአብዛኛው ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። በሞያሌ ወጥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ይገባል። በኦቦክ በኩል ወደ የመን የሚሻገረው በብዛት ከኦሮሚያ፣ ከአማራና ከትግራይ የተነሣ ወጣት ነው። እንግዲህ ዋስትና በትውልድ ቦታ የሚጠየቅ ከሆነ ከግቢው ግማሹ ሊጠየቅ ነው። ይህን የምንለው ጣታችንን ወደ ሌላ ወንድም ለመቀሰር አይደለም፤ አላህ ይጠብቀን። የትውልድ ቦታ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ለማሳየት ብቻ ነው። ደግሞም ለመሰደድ የቆረጠ ሰው የጀመዓን ጉዞ፣ ኡስታዝንና ስም ዝርዝርን አይጠብቅም። ደላላው ከዚህ ሁሉ ይቀርበዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘቡ ነው። በዋስትና የሚያዝ ገንዘብ የሚለካው የሰውን አቅም እንጂ የሰውን ሐሳብ አይደለም። ከእኛ መካከል ወንድሙ ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው ልጅ ገንዘቡን በአንድ ስልክ ያስልካል። ሰው ያልተሰደደበት፣ በእንሰትና በጥቂት ስንዴ የሚኖር ቤት ልጅ ግን ከየት ያመጣል? ውጤቱን አስቡት። ለስደት የቀረበው ቤት ልጅ ይሳፈራል፤ ከስደት የራቀው ቤት ልጅ ይቀራል። ፍርሃቱን ለማስቀረት የወጣ ደንብ የሚያስቀረው ያልተፈራውን ሰው ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ ዋስ የሚለውም እንደዚሁ ነው። በገጠር ቀበሌ መምህሩ ወይም የግብርና ባለሙያው ለስንቱ ልጅ ዋስ ይሆናል?

ሦስተኛው ምክንያት ዲናችን ነው። ጉዞ ስናቅድ ሁልጊዜ የምናነሣው የመጀመሪያው ሂጅራ ነው። በነብይነቱ 5ኛ ዓመት በረጀብ ወር 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ከመካ ወጥተው ሹዐይባ ወደብ ደረሱ። ሁለት የነጋዴ መርከቦች አግኝተው በግማሽ ዲናር ኪራይ ወደ ሐበሻ ተሻገሩ። የሲራ ጸሐፊዎች ኪራዩን እንኳን ሳይቀር መዝግበውልናል። የዚያ ጉዞ ፍጻሜ ላይ ያለውን ግን አዘውትረን አናነሣም። በሂጅራ 7ኛ ዓመት እነ ጃዕፈር ነጃሺ በሰጣቸው ሁለት መርከቦች ተመልሰው መዲና ሲገቡ ጥቂት ሰዎች «እኛ በሂጅራ ቀድመናችኋል» አሏቸው። ዑመር አስማእ ቢንት ዑመይስን ሐፍሷ ቤት ሲያገኛት «ሐበሻዊቷ ናት? ባሕረኛዋ ናት?» ብሎ ጠየቀና ይህንኑ ነገራት። አስማእም ተቆጣች። እናንተ ከመልእክተኛው ጋር ሆናችሁ የተራበው ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ እኛ በሩቅ አገር ስንፈራና ስንቸገር ነበርን የሚል መልስ ሰጠች፤ ነገሩንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ለረሱል ﷺ አደረሰች። የተሰጣት ፍርድ በቡኻሪ ተዘግቧል፦ እነዚያ አንድ ሂጅራ አላቸው፤ እናንተ የመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት አላችሁ ተባለ። ከዚያ በኋላ የመርከቧ ሰዎች በቡድን በቡድን እየመጡ ይህንን ወሬ ደጋግማ እንድትነግራቸው ይጠይቋት ነበር።

ሶሓቦችን ከራሳችን ጋር አናወዳድርም፤ ዑመርም ረዲየላሁ ዐንሁ ዑመር ነው። ከታሪኩ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። በመጣበት መንገድ ምክንያት ዝቅ ተደርጌያለሁ ያለ ሰው ቅሬታውን ማሰማቱ አልተነወረበትም፤ የሚሰማውም አገኘ። እኛም ያንኑ ነው የምንጠይቀው።

«ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለን ሰባት ነጥብ አለን።

አንደኛ፣ ቃል ኪዳኑን ሁሉም ይፈርም። አሚሩም፣ ኮሚቴውም፣ ከአዲስ አበባ የመጣውም፣ ከጊምቢቹ የመጣውም አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ይፈርም። የደርሶ መልስ ቲኬት በጀመዓው በኩል በአንድ ላይ ይገዛ፤ የመመለሻው ቲኬት ከመነሻው ቀን በፊት በእጃችን ይኑር። ተጓዦች ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡ፤ በየሶላቱ ሰዓት ጥንዱ አንዱ ስለ ሌላው ለቡድን መሪው ይንገር። ይህ ከ1 ሰው ዋስ የበለጠ ይጠብቃል፤ ማንንም አያሸማቅቅም።

ሁለተኛ፣ ሒሳቡ ከሰው ቤት ይጀምር። ኮሚቴው ያቀረበው ዋጋ የሚጀምረው ከአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ነው። ፓስፖርት ግን በ2016 ዓ.ም. መደበኛው ክፍያ 5000 ብር ገብቷል። ፓስፖርት የሌለው ተማሪ ጉዞው ሳይጀመር ይህን ያህል ወጣ ማለት ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ደግሞ ምንዛሪው ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ብር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እዚያ የሚበላው ምግብና የሚታደርበት ቤት ለእኛ እጅግ ተወዷል። እነዚህ ሁሉ በግልጽ ይጻፉ። ከእያንዳንዱ ተጓዥ መዋጮ ላይ ጥቂት ተነሥቶ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ወንበር ይያዝ፤ ለማን እንደተሰጠ ከሁለት አማና ጠባቂዎች በቀር ማንም አይወቅ።

ሦስተኛ፣ ወቅቱ ይቀየር። ኮሚቴው ጉዞውን ያሰበው ከፈተና በኋላ ለሐምሌ ነው። በሐምሌ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ከበረሃው የሚነፍሰው ደረቅ ንፋስም አለ። ከደጋ ለመጣን ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። ጠረፉ የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ቢደረግ ለጤናም ይሻላል፤ ፓስፖርት ለማውጣትና መዋጮውን በየወሩ ለማጠራቀምም ጊዜ ይሰጣል። አንድ ዓመት ዘግይቶ በደንብ መሄድ ዘንድሮ ተጣድፎ ከመሄድ ይሻላል።

አራተኛ፣ መንገዱ በጽሑፍ ይረጋገጥ። ባቡሩ ከለቡ ጣቢያ ተነሥቶ በድሬዳዋ አድርጎ ጅቡቲ ከተማ ዳር ያለው ነጋድ ጣቢያ ድረስ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። የመንገደኛ አገልግሎት ከጀመረበት ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተማሪ ተጉዞበታል፤ ነገር ግን ቀኑ ሙሉ በመንገድ ያልቃል። ፌሪዋ ደግሞ በየቀኑ አትሻገርም፤ ኦቦክም ትሄዳለች። ባቡሩ የሚገባበት ቀንና ፌሪዋ የምትወጣበት ቀን ካልተገጣጠሙ ጅቡቲ ከተማ ላይ ያለ ዕቅድ ሌሊት ማደር ይመጣል፤ ያ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ ይደውል፣ ይጠይቅ፣ የተባለውን ይጻፍ። የመግቢያ ፈቃዱን ደንብ ከኤምባሲው በጽሑፍ እንቀበል፤ «እከሌ እንዲህ አለ» አይበቃም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ከሰነዶቻችን ጋር ይያዝ። ፌሪዋ ብትቀር ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ ታጁራ የሚደርስ የመኪና መንገድ ስላለ እሱም በተጠባባቂነት ይታሰብ።

አምስተኛ፣ የባሕሩ ደኅንነት። በ1998 ዓ.ም. መጋቢት ወር ከጅቡቲ ወደብ ወደ ታጁራ ለሃይማኖታዊ በዓል የሚሄዱ መንገደኞችን ከልክ በላይ የጫነ ጀልባ ወደቡን ገና ሳይርቅ ተገልብጦ፣ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። እነዚያ ሰዎች ስደተኞች አልነበሩም፤ እንደ እኛው በኒያ የወጡ ሙስሊሞች ነበሩ። ስለዚህ ደንባችን ይህ ይሁን፦ ከመደበኛዋ ፌሪ ውጭ በማንም ትንሽ ጀልባ አንሳፈርም፤ የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዳችን መኖሩን ሳናይ አንሳፈርም፤ መርከቧ ሞልታ ካየናት ቲኬቱ ቢቃጠልም እንወርዳለን። ተወኩል ማለት ግመሏን ሳያስሩ መተው እንዳልሆነ ሁላችንም የምናውቀው ነው። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፤ ይህም በግልጽ ይነገር።

ስድስተኛ፣ የእህቶች ጉዳይ ወደ ጎን አይደረግ። የመሕረም ጥያቄ አለ፤ ጥያቄውም ቀላል አይደለም። ነገር ግን «ለእህቶች አይመችም» ብሎ ዝም ማለት መልስ አይደለም። ኮሚቴው ጥያቄውን ለዑለማዎች በጽሑፍ ያቅርብ፤ የተሰጠውም መልስ ለእህቶች በሙሉ ይነበብ። ከመሕረማቸው ጋር መምጣት የሚችሉ አሉ። ካልሆነም በተመሳሳይ በጀት እህቶች ራሳቸው የሚመርጡት ሌላ ጉዞ ይዘጋጅ። በመጀመሪያዎቹ መርከቦች ላይ 4 ሴቶች እንደነበሩ አንርሳ።

ሰባተኛ፣ ለወላጆች ደብዳቤ ይጻፍ፤ በአማርኛ ብቻም አይሁን። ለእኛ ሰፈር በሀዲይኛ፣ ለሌላውም በየቋንቋው ይጻፍ። ተርጓሚ እኛ እንሆናለን። ደብዳቤው የሚሄድበትን ቀን፣ የሚመለስበትን ቀን፣ የኃላፊውን ስልክ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ «መመለሻው ተከፍሏል» የሚለውን ቃል ይያዝ። በጊምቢቹ ቤተሰቦቻችን ከጎረቤት ጋር ተማክረው ነው የሚወስኑት፤ ጎረቤቱም አብዛኛው ክርስቲያን ነው። ደብዳቤው በእነሱም እጅ ይነበባል። ሙስሊም ተማሪዎች እንዴት ባለ ሥርዓት እንደሚሄዱ ያዩበታል።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሁሉ ሰምተው «ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ጉዞው ለምን አይቀርም?» ብለውናል። እኛ ደግሞ ጣጣው ራሱ ትምህርት ነው እንላለን። በሰፈራችን የሚያድግ ልጅ ስለ ድንበር የሚያውቀው በሌሊት እንደሚታለፍ ነው። ስለ ጀልባ የሚያውቀው እንደሚሰጥም ነው። ፓስፖርት በስሙ ማውጣት፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ የመርከብ ሰዓት አጣርቶ መያዝ፣ ለእናቱ የመመለሻ ቀን ነግሮ በዚያው ቀን ቤቱ መግባት እንደሚቻል ያሳየው የለም። ከጊምቢቹ 5 ልጆች ታጁራ ደርሰው ቢመለሱና በክረምት ለታናናሾቻቸው ቢያወሩ፣ ስለ ሕገ ወጥ ስደት ከሚለጠፍ ብዙ ማስታወቂያ የበለጠ ይሰማሉ። ወጣቱ «አትሂድ» የሚለውን ጠግቦታል። «እንዲህ ነው የሚኬደው፣ እንዲህም ነው የሚመለሱት» የሚለውን ግን አልሰማም።

አንድ ነገር እንጨምር። ከዐፋር የመጡ ወንድሞቻችን በዚህ ጉዞ ትልቅ ሥራ አላቸው። የታጁራ ሰው የሚናገረው የእነሱን ቋንቋ ነው። ድንበሩ ቋንቋውን አልከፈለውም። መሪዎቻችን እነሱ ቢሆኑ ከተማዋን እንደ ቱሪስት ሳይሆን እንደ እንግዳ እንገባባታለን። በታጁራ መስጊድ ስንሰግድም በዚያ ባሕር ለሞቱት፣ ስማቸውን ለማናውቃቸው ወንድሞችና እህቶች ዱዓ እናድርግ።

ሹራው በዚህ ሳምንት ሲቀመጥ ሁለቱን ነገሮች ለያይቶ እንዲያይ እንጠይቃለን። ጉዞው ይጽደቅ። ዋስትናው በአካባቢ የሚለው ደግሞ ይነሣና በሁላችን ፊርማ ይተካ። እኛ ስማችንን አስመዝግበናል፤ ቃል ኪዳኑ ሲዘጋጅም በመጀመሪያው ረድፍ እንፈርማለን። ከእኛ ቀጥሎ ደግሞ የማንኛውም ወንድም ስም፣ ከየትም ይምጣ፣ በዚያው ወረቀት ላይ እንዲሰፍር እንፈልጋለን።

አላህ ኒያችንን ያስተካክልልን፤ የተጓዘውን በሰላም ይመልስልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ከጊምቢቹና ከአካባቢዋ የመጣን የጀመዓው ተማሪዎች